አንድ ቅጂ ብቻ፦ ስላልተግባቡ ሁለት ኮምፒውተሮችና ስለ ሚጪሌ ድምፆች

ባለፈው ኅዳር ወደ ጌዴኦ ወርጄ ነበር። የቡና ለቀማ ሰሞን ስለሆነ ስለ እሸት ቡና ዋጋ ልጽፍ ነበር ሐሳቤ። ዲላ ስገባ የማርፈው አጎቴ ቤት ነው። ከቡናው በፊት ግን ሌላ ጣጣ ጠበቀኝ።

«እንኳን መጣህ። እስቲ እነዚህን ሁለቱን አስታርቅልኝ» አለኝ፤ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ።

ሁለቱ ማለት ሁለት ኮምፒውተሮች ናቸው። አንደኛው በ1997 ዓ.ም. የተገዛ ዴስክቶፕ ነው፤ ፔንቲየም ፎር፣ ሆዱ የተነፋ ስክሪን ያለው፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ የሚነዳው። ሁለተኛው ልጁ ሥራ ሲይዝ የተወለት ላፕቶፕ ነው፤ እሱም ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ዊንዶውስ አሥር ተጭኖበታል። ሁለቱም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ በአንድ ራውተር ላይም ተሰክተዋል። ግን አይተያዩም። አጎቴ ለሁለት ወር ሞክሮ አንድም ፋይል ማሻገር አልቻለም።

«ይኼ ምን ያስጨንቃል? በፍላሽ አይወስዱትም?» ብትሉ አልፈርድባችሁም፤ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። የአሮጌው የዩኤስቢ ቀዳዳዎች ከጥቂት ዓመታት በፊት መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ሞተዋል። ሲዲ መጻፊያው ከዚያም በፊት ነው የቆመው። ሰፈር ውስጥ ጥገና ቤት ያለው ልጅ «ሃርድ ዲስኩን ነቅዬ ልውሰደው» ብሎ ነበር። የአሮጌው ዲስክ ማያያዣ በዛሬዎቹ ማሽኖች ላይ የለም፤ የሚያገናኘውን መሣሪያ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነበረበት። አጎቴ ደግሞ ዲስኩ ከቤቱ እንዲወጣ አልፈቀደም።

ያልፈቀደበትን ምክንያት ስሰማ ስለ ቡና ዋጋ መጻፉን ለሁለት ቀን ተውኩት።

*

አጎቴ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር ነው። ከ1986 እስከ 1994 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በእረፍት ጊዜው በእጅ ቴፕ እየዞረ የጌዴኦ ሽማግሌዎችን ሲቀዳ ኖሯል፤ ወናጎ፣ ይርጋ ጨፌ፣ ቡሌ፣ ኮቸሬ። በአብዛኛው የሚጠይቃቸው ስለ አንድ ነገር ነው፤ በ1952 ዓ.ም. ስለተነሳው የጌዴኦ ገበሬዎች አመፅና ስለ ሚጪሌ።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ያኔ ሕዝቡ በመንግሥት መዝገብ «ደራሳ» ይባል ነበር፤ አውራጃውም በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር የደራሳ አውራጃ ነበር። ገበሬው ቡናውንና እንሰቱን በገዛ አባቱ መሬት ላይ እያለማ ለባለርስት የሚገብር ጭሰኛ ነበር። በ1952 ይህ ሸክም ከመጠን አለፈና ገበሬው ተነሳ። ሚጪሌ ላይ ጦርና ቆንጨራ የያዘ ገበሬ ከጠመንጃ ጋር ተጋጠመ፤ ብዙ ሰው አለቀ። አገር አቀፍ የታሪክ መጽሐፎቻችን ለባሌና ለጎጃም የገበሬ አመፆች የሰጡትን ቦታ ያህል ለዚህ አልሰጡትም። መሬት ለአራሹ የሚለው መፈክር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አፍ ከመግባቱ ዓመታት አስቀድሞ ጌዴኦ ውስጥ ሰው ሞቶበታል።

የካቲት 1967 የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ከሚጪሌ የተረፉት ገና ጎልማሶች ነበሩ። አጎቴ ሲቀዳቸው ሽምግልና ላይ ደርሰው ነበር። ዛሬ ከቀዳቸው ሰዎች መካከል በሕይወት ያለ አንድም የለም።

ካሴቶቹ 23 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 60 ደቂቃ። ኮምፒውተሩን ከገዛ በኋላ ቴፑን በሽቦ ከኮምፒውተሩ ጋር እያገናኘ ሁሉንም ወደ ፋይል ገለበጣቸው። አጠገባቸው ደግሞ የቃለ ምልልሶቹን የአማርኛ ትርጉም ጻፈ። ካሴቶቹን ራሳቸውን በካርቶን አድርጎ ዘመድ ሱቅ ጓዳ አስቀመጣቸው፤ ቤቱ ጠባብ ነበር።

መስከረም 2009 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ዲላና ይርጋ ጨፌ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ሰው ሞተ፤ ሱቅ፣ ቤትና የቡና መጋዘን ተቃጠለ። ያ ሱቅም ከተቃጠሉት አንዱ ነበር። ባለሱቁ ነፍሱን ይዞ በመውጣቱ ፈጣሪን ያመሰግናል፤ ስለ አንድ ካርቶን ካሴት ማን ይጠይቀዋል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእነዚያ ሽማግሌዎች ድምፅ በዓለም ላይ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ሆነ፤ በአጎቴ ሳሎን፣ ሲነሳ ቀጭ ቀጭ በሚል የ40 ጊጋባይት ዲስክ ውስጥ።

*

እንግዲህ ሽምግልናው ተጀመረ። ጌዴኦ ውስጥ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት ቦታ ሶንጎ ይባላል። አጎቴ «ሶንጎ ላይ ከመፍረድህ በፊት መጀመሪያ ከሥር ነው የሚጠየቀው» ይላል። እኔም ከሥር ጀመርኩ።

ከሥር ያለው ሽቦው ነው። አሮጌው ኮምፒውተር ጀርባ፣ ኬብሉ የሚሰካበት ቦታ አጠገብ፣ አንድ ትንሽ አረንጓዴ መብራት አለች። አትበራም። ኬብሉን ስነቅል የጫፉ ፕላስቲክ መያዣ ተሰብሮ አገኘሁት፤ የተሰካ ይመስላል እንጂ አልነካም። በሌላ ኬብል ቀየርነው፣ በራች። አጎቴ ሁለት ወር የደከመበት ነገር አንዱ ክፍል ይኸው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ሽቦ የሚሠራበት ኢተርኔት የተባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1973 ካሊፎርኒያ ውስጥ በሚገኘው የዜሮክስ ምርምር ማዕከል ቦብ ሜትካልፍ በጻፈው ማስታወሻ የተጀመረ ነው። ከዚያ ወዲህ ፍጥነቱ በብዙ ሺህ እጥፍ አድጓል። ያም ሆኖ የ1997ቱ ማሽንና የዛሬው ራውተር ሲገናኙ ፈጣኑ ወደ ዘገምተኛው ልክ ዝቅ ብሎ ይነጋገራል። ሽቦው አሮጌውን አልናቀም።

ቀጥሎ አድራሻ ነው። በአንድ ኔትወርክ ላይ ያሉ ማሽኖች እንደ አንድ ቀበሌ ቤቶች ቁጥር አላቸው። ላፕቶፑ ከራውተሩ 192.168.1 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ተሰጥቶታል። አሮጌው ላይ ግን ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰው በእጁ 192.168.0 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ጽፎበት ሄዷል። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው በሁለት ቀበሌ የተመዘገቡ ጎረቤቶች ማለት ናቸው። አሮጌውም ቁጥሩን ከራውተሩ እንዲቀበል አደረግነው።

ከዚያ ፒንግ አደረግን፤ «አለህ ወይ?» ብሎ መጥራት ማለት ነው። ላፕቶፑ ሲጣራ አሮጌው አቤት አለ። አሮጌው ሲጣራ ላፕቶፑ ዝም። ምክንያቱ ላፕቶፑ የቤቱን ዋይፋይ «የሕዝብ ቦታ» ብሎ መዝግቦት ስለነበር ነው። ሆቴልና ኤርፖርት እንዳለ ሰው በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። «ይህ የግል ቤት ነው» ብለን ቅንብሩን ስንቀይርለት መለሰ።

ስምም አለ። ኤክስፒ ሆም የተባለው ዝርያ ማሽኖችን የሚያስገባበት ቡድን ኤምኤስሆም ይባላል። ከቪስታ ወዲህ የመጡት ደግሞ ዎርክግሩፕ የሚባል ቡድን ውስጥ ነው የሚገቡት። የስሙ መለያየት በራሱ ፋይል አያስከለክልም፤ በዝርዝሩ ላይ አብረው እንዳይታዩ ግን ያደርጋል። አንድ አደረግነው።

አሁን ሽቦው ደህና፣ አድራሻው ደህና፣ በሩ ክፍት፣ ስሙ አንድ። በላፕቶፑ ላይ የአሮጌውን አድራሻ ጻፍኩና ተጫንኩ። ላፕቶፑ እንዲህ የሚል ይዘት ያለው መልእክት ሰጠኝ፦ ይህ ፎልደር ጊዜው ያለፈበትን የኤስ.ኤም.ቢ አንድ ፕሮቶኮል ይፈልጋል፣ አደገኛ ስለሆነ አልገናኝም።

አጎቴ መነጽሩን አውልቆ «እና ማን ነው ጥፋተኛው?» አለኝ።

ማንም አይደለም። ይህን ለማስረዳት ግን አርባ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ነበረብኝ።

*

ኤስ.ኤም.ቢ አንድ ኮምፒውተር ሌላውን «ይህን ፋይል ክፈትልኝ» ሲለው፣ ሌላውም «እነሆ» ወይም «አልፈቅድም» ሲል የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አይቢኤም ውስጥ ባሪ ፋይገንባም የተባለ ባለሙያ ነው የጀመረው። በኋላ ማይክሮሶፍት ወስዶ አሰፋው። እ.ኤ.አ. በ1992 ዊንዶውስ ፎር ዎርክግሩፕስ ሲወጣ ለማንኛውም ትንሽ ቢሮ ደረሰ፤ ትልቅ ሰርቨር ሳይገዛ አንዱ ሠራተኛ ፎልደሩን ሼር ያደርጋል፣ ሌላው ይከፍታል።

በዚያው ሰሞን አውስትራሊያ ውስጥ አንድሩ ትሪጅል የተባለ ተማሪ ይህን ቋንቋ ከሌላ ዓይነት ኮምፒውተር ጋር ለማግባባት ፈለገ። መዝገበ ቃላት የሰጠው አልነበረም። ማሽኖቹ ሲነጋገሩ በሽቦው ላይ እያዳመጠ ቃል በቃል ለቀመው። የሠራው ፕሮግራም ሳምባ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ኤስ፣ ኤምና ቢ ፊደላት በቅደም ተከተል ያሉበትን ቃል በመፈለግ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ስንት ቢሮ በሳምባ ላይ እንደቆመ ሠራተኛው አያውቅም።

ይህ ቋንቋ የተፈጠረው ሰው በሚተዋወቅበት ቢሮ ውስጥ ነው። በአንድ ኔትወርክ ላይ ያለው ሰው ሁሉ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ሌባ ከየት ይመጣል? ስለዚህ በሩ ላላ ያለ ነበር። ኤክስፒ ላይ ደግሞ «ቀላል ሼሪንግ» በሚለው አሠራር ማንኛውም ጎረቤት ማሽን ያለ የይለፍ ቃል እንደ እንግዳ ይገባ ነበር።

እኛም አገር ይህንን ዘመን ኖረነዋል። ሁለትና ሦስት ኮምፒውተር ያለው ኢንተርኔት ቤት፣ የዘፈንና የፊልም ፎልደር ሼር የተደረገበት፤ የዩኒቨርሲቲ ላብ፣ ተማሪው ሁሉ አሳይመንት የሚለዋወጥበት፤ የወረዳ ቢሮ፣ አንዷ ጸሐፊ የምትጽፈውን ሌላዋ የምታትምበት። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ሽቦና መተማመን ይበቃዋል። ሰኔ 2011 እና ሰኔ 2012 ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ በተለይ ሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ሦስት ሳምንት ገደማ ጨለማ ስንሆን፣ በየቤቱ የቀረን ይኸው ነበር፤ ፍላሽ፣ ዜንደር፣ የቤት ኔትወርክ። ከውጭ ስንቆረጥ እርስ በርስ የምንቀባበልበት መንገድ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያኔ አይተናል።

*

ከዚያ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. መጣ፤ እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 2017።

በዚያ ዕለት ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ ዓለምን አዳረሰ። የሰው ፋይል ይቆልፍና ገንዘብ ይጠይቃል። ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ያዘ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች በሽተኛ ወደ ሌላ ቦታ ለመላክ ተገደዱ። ቫይረሱ የተስፋፋው ሰው ኢሜይል ስለከፈተ ብቻ አልነበረም፤ በአንድ ኔትወርክ ላይ አንዱ ከተያዘ፣ ማንም ምንም ሳይነካ ወደ ጎረቤቱ ይገባ ነበር። የገባበት በር ያ የድሮው መተማመኛ በር ነው፤ ኤስ.ኤም.ቢ አንድ።

ቀዳዳውን ለዓመታት በምስጢር ይዞት የነበረው የአሜሪካ የብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ነበር። መሣሪያው ከእጁ ወጥቶ ሚያዝያ ላይ በአደባባይ ተበተነ። ማይክሮሶፍት መድፈኛውን ከሁለት ወር በፊት፣ መጋቢት ላይ አውጥቶ ነበር። ብዙ ሰው አልጫነውም። ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2014 ለተቋረጠው ለኤክስፒ እንኳ ከደንቡ ወጥቶ መድፈኛ ለቀቀ።

ከዚያ ወዲያ በዚያው ዓመት መገባደጃ የወጣው የዊንዶውስ አሥር ዝርያ የድሮውን ቋንቋ ከነባር ዕቃዎቹ አወጣው። አዲሶቹ ማሽኖች ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የኤስ.ኤም.ቢ ቋንቋ ይናገራሉ። ኤክስፒ ግን የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው፤ ሌላ ሊማርም አይችልም።

ይኸውላችሁ የአጎቴ ሁለት ኮምፒውተሮች የተጣሉበት ቀን። ለንደንና ማድሪድ የተነሳ እሳት ዲላ ሳሎን ውስጥ በር አዘጋ። በሩ መዘጋቱ ትክክል ነበር፤ ብዙ ሰው አድኗል። ውጭ የቀረውም ያለ ጥፋቱ ነው የቀረው። ሁለቱም እውነት ነው።

እነዚያ ዓመታት ለጌዴኦ ምን እንደነበሩ ደግሞ አስቡ። መስከረም 2009 ላይ ከተማው ተቃጠለ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተነሳው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቀለ። ሰው ቤቱን፣ ጓሮውን፣ ወረቀቱን ጥሎ ወጣ። በእነዚያ ዓመታት ስንት የቤተሰብ ፎቶ፣ ስንት የርስት ወረቀት፣ ስንት የሽማግሌ ድምፅ እንደጠፋ የቆጠረ የለም። ለሰው ሕይወት እንኳ በቂ ጊዜ አልነበረም።

*

ወደ ሳሎኑ እንመለስ።

አጎቴን እንዲህ አልኩት፦ «ጋሼ፣ በሩን ለጥቂት ሰዓት ልንከፍተው እንችላለን። ግን መጀመሪያ ከውጭ እንዘጋለን።»

ያደረግነው ይህ ነው። የኢንተርኔቱን መስመር ከራውተሩ ነቀልን፤ በቤቱ ያሉትን ስልኮች ሁሉ ዋይፋያቸውን አጠፋን። ላፕቶፑ ላይ ከዊንዶውስ ተጨማሪ ክፍሎች ዝርዝር ውስጥ የኤስ.ኤም.ቢ አንድ ተቀባዩን ብቻ አብርተን አስነሳነው። የአሮጌውን አድራሻ እንደገና ጻፍኩ። ፎልደሮቹ ተዘረገፉ።

«ደራሳ» የሚለውን ፎልደር ሳይ አጎቴ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አልገለበጥንም። በእንዲህ ያለ ዲስክ ላይ ትልቅ ቅጂ መጀመር አደጋ አለው፤ መካከል ላይ ቢቆም ምን እንደደረሰና ምን እንደቀረ አታውቁም። ስለዚህ አንድ ፋይል፣ ከዚያ ሌላ ፋይል፤ እያንዳንዱን ላፕቶፑ ላይ ከፍተን መጀመሪያውን፣ መካከሉንና መጨረሻውን ሰማን። ድምፆቹ ባጠቃላይ 14 ጊጋባይት ገደማ ናቸው። ዘጠኝ ፋይል ካሻገርን በኋላ መብራት ሄደ።

ላፕቶፑ በባትሪው ቆየ፤ አሮጌው ዝም አለ። ሦስት ሰዓት ያህል በጨለማ ቡና ጠጣን። ስለ ዲስኩ ማንም ምንም አልተናገረም። መብራቱ ሲመጣ አጎቴ «አንተ ተጫነው» ብሎኝ ወደ ጓሮ ወጣ። ዲስኩ ሁለት ጊዜ ቀጭ አለና ተነሳ።

በማግሥቱ ጠዋት 22ቱ ካሴቶች ተሻገሩ። አንደኛው እምቢ አለ። ከ14ኛው ደቂቃ በኋላ ያለው የዲስኩ ክፍል አይነበብም። አራት ጊዜ ሞከርን። ከ23ቱ ውስጥ የሴት ድምፅ ያለበት እሱ ብቻ ነበር። አጎቴ ካሴቷን የቀዳበትን ቤት፣ ያፈላችለትን ቡና፣ በሩ ላይ የነበረውን የእንሰት ተክል ያስታውሳል። የተናገረችውን ግን በሙሉ አላስታውስም አለ። ትርጉሙን ሊጽፍ አስቦ ነበር፤ «ነገ፣ ነገ» ሲል ቀረ።

አሥራ አራት ደቂቃ አለን። እሱም ተመስገን ነው።

*

ድምፁ ከተረፈ በኋላ የጽሑፎቹ ተራ ደረሰ። ላፕቶፑ ላይ ስንከፍታቸው የላቲን ፊደል፣ ነጥብና ምልክት የተደባለቀበት ዝባዝንኬ ወጣ። አጎቴ ደነገጠ፤ «ቫይረስ በላው!» አለ።

አልተበላም። ይህ ደግሞ የራሳችን የአማርኛ ታሪክ ነው። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል፤ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዡዋል ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ ወደሌለበት ኮምፒውተር ሲሄድ ዝባዝንኬ ይሆናል። ምክንያቱም የዚያ ዘመን ፕሮግራሞች «ሀ»ን የሚያስቀምጡት በአንድ የላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር። ፎንቱ ሲኖር ዓይናችን «ሀ» ያያል፤ ፎንቱ ሲጠፋ ጭንብሉ ይወልቃል። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቋሚ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዊንዶውስ ላይ ፊደላችን ኒያላ በሚባለው ፎንት ተጭኖ የመጣው ደግሞ ከቪስታ ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈው አብዛኛው የአገራችን ሰነድ፣ ደብዳቤ፣ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሁሉ በጭንብል የተጻፈ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነበር። የአሮጌውን ኮምፒውተር የፎንት ፎልደርም አብረን ገልብጠን ላፕቶፑ ላይ ጫንነው፤ አማርኛው ተመለሰ። ፎንት ሳይገለብጥ ፋይል ብቻ የወሰደ ሰው ግን ቁልፉን ትቶ ሳጥኑን ነው የወሰደው። ደግሞም ይህ ጊዜያዊ ነው፤ ጽሑፎቹ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለባቸው። አጎቴ ጀምሮታል።

አንድ ሌላ ነገር አይቼ ደነገጥኩ። ከጽሑፎቹ ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጻፉ ናቸው ይላል ኮምፒውተሩ። ማሽኑ የተገዛው ግን በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2004 ወይም በ2005። ፋይሎቹ ኮምፒውተሩ ሳይኖር ተጻፉ? ነገሩ የእጅ ሰዓት ባትሪ የምታህለው የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቃ ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ መነሻው ይመለሳል። ነገ አንድ ተመራማሪ የፋይሉን ቀን አምኖ ቢጽፍ ሐሰት ይጽፋል። እኛን ያዳነን አጎቴ በካሴቶቹ ላይ የጻፈውን ቀንና ስም በአንድ የሒሳብ ደብተር ላይ መዝግቦ ማስቀመጡ ነው። ለ22 ካሴት ምስክር የሆነው በእስክሪብቶ የተጻፈ ደብተር ነው።

በመጨረሻ ላፕቶፑ ላይ ኤስ.ኤም.ቢ አንድን መልሰን አጠፋን፤ ከዚያ በኋላ ነው ኢንተርኔቱን የሰካነው። ለጥቂት ሰዓት የተከፈተ በር ክፍት አይቀርም።

*

ይህን ሁሉ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ቤት ብቻ አይደለም።

መስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበ። እንሰቱ፣ ቡናው፣ ትላልቁ ዛፍ፣ ትክል ድንጋዩ፣ ሶንጎው። ደስ ብሎናል፤ ይገባዋል። ነገር ግን ያንን ጓሮ ያለማው ሰው መሬቱ የእሱ እንዲሆን የከፈለው ዋጋ ከቅርሱ ጋር አብሮ የሚነገር ነው። ትክል ድንጋይ ቆሞ ይጠብቀናል፤ ድምፅ አይጠብቅም።

በየወረዳው፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየፍርድ ቤቱ ጓዳ ውስጥ እንደ አጎቴ ያለ ኮምፒውተር አለ። አቧራ ለብሶ፣ «ይወገድ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት፣ ጨረታ ይጠብቃል። ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው ጸሐፊ ጡረታ ወጥቷል። ስለ ዲጂታል ኢትዮጵያ ስናወራ ስለ አዲሱ ሲስተም ነው የምናወራው። አሮጌው ዲስክ ላይ ያለውን ማን ያሻግረዋል የሚል ጥያቄ ሲነሳ ግን እምብዛም አልሰማሁም።

ጊዜውም እየጠበበ ነው። ባለፈው ጥቅምት፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ዊንዶውስ አሥር ራሱ ከድጋፍ ወጥቷል። የአጎቴ ላፕቶፕ ዊንዶውስ አሥራ አንድን መሸከም አይችልም። ትናንት «አንተ አሮጌ ነህ፣ አላነጋግርህም» ያለው ማሽን ዛሬ በተራው አሮጌ ሆኗል። ይህ ሰንሰለት የሚቆም አይደለም፤ ስለዚህ ቅርስ ማሻገር አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ ሊሆን አይችልም። በየጥቂት ዓመቱ ከማሽን ወደ ማሽን፣ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲቀባበል የሚኖር ነው። አባቶቻችን ብራና ሲደክም በአዲስ ብራና ይገለብጡት እንደነበረው።

እኔ እንደማየው ሦስት ነገር ማድረግ አያቅተንም።

አንደኛ፣ ቤታችን ያለውን አሮጌ ማሽን ሳይሞት እንክፈተው። ሽቦው፣ አድራሻው፣ በሩ፣ ቋንቋው፤ በዚህ ቅደም ተከተል ከተጠየቀ አብዛኛው ጠብ ይፈታል። ፎንቱንም አትርሱ።

ሁለተኛ፣ ቢሮዎች ኮምፒውተር ከማስወገዳቸው በፊት ዲስኩ ላይ ያለውን የሚያይ ሰው ይመድቡ። ንብረት ክፍል የሚቆጥረው ሳጥኑን ነው፤ ውስጡን የሚቆጥር ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ከአጎቴ ቤት ብዙ አይርቅም። የኮምፒውተር ተማሪዎችም፣ የታሪክ ተማሪዎችም አሉት። ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው በየሰፈሩ ያለውን ካሴትና ዲስክ ቢያሻግሩ፣ ለአንዱ ልምምድ፣ ለሌላው ምንጭ ይሆናል። ለዚህ ትልቅ በጀት አይጠይቅም።

ከዲላ ልነሳ ስል አጎቴ ሦስት ፍላሽ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። አንዱን ለልጁ፣ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ኮቸሬ ላለ ዘመድ። «ካሁን በኋላ አንድ ቤት ቢቃጠል...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም።

አዲስ አበባ እንደገባሁ የመጀመሪያውን ካሴት ከፈትኩት። አንድ ሽማግሌ በጌዴኡፋ ይናገራል፤ ከጀርባው ዶሮ ይጮኻል፤ የአጎቴ ወጣት ድምፅ አልፎ አልፎ ይጠይቃል። ጌዴኡፋዬ ደካማ ስለሆነ ሁሉንም አልያዝኩም። ከያዝኩት ቃላት አንዱ ግን ሚጪሌ ነበር።

እናንተ ቤት ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ምን አለ? ካወቃችሁ ከታች ጻፉልን። ካላወቃችሁ ዛሬ ማታ ክፈቱት።